ቤት ስታሳድሱ ማንን ትመርጣላችሁ? ጥያቄና መልስ ከአንድ የጅማ ፎርማን ጋር

ሰላም የጅማ ሰዎች። ከግንበኝነት ተነስቼ ፎርማን የሆንኩት እዚሁ ከተማ ነው። የማውቀው እድሳት ነውና ስለ ካርታና ስለ ሊዝ አትጠይቁኝ። ዋጋ የምትጠይቁ ቤቱ ጭቃ ይሁን ብሎኬት፣ ስንት ክፍል እንዳለው፣ ጣራው መቼ እንደተመታ ጻፉ። አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል፦ ክፍያ ሥራን አይቅደም። ዛሬ ደጋግሜ እለዋለሁ።

ጥያቄ (ከሄርማታ)፦ ጋሼ፣ ታማኝ ባለሙያ በምን ይታወቃል? ሁሉም ስልኩ ላይ ቆንጆ ቆንጆ ፎቶ ያሳየኛል።

መልስ፦ ፎቶውን ተዪው እህቴ። በተቀባ ማግስት የማያምር ቤት የለም። ሁለት ክረምት ያሳለፈ ሥራውን እንዲያሳይሽ ጠይቂው። የጅማን ዝናብ ታውቂዋለሽ፤ መጥፎ ሥራ ሁለት ክረምት አይደበቅም። ስትገቢ የኮርኒሱን ጥግ እዪ። ከመስኮቱ ሥር እዪ። ግድግዳውን ከወለሉ ጀምሮ ክንድ ያህል ድረስ በእጅሽ ዳሺው፤ ረጥቧል? አብጧል? ከዚያ የቤቱን ባለቤት ለብቻ አናግሪ። «ቤቱ ያምራል ወይ» አትበዪ። «ሥራው ካለቀ በኋላ ስትጠሩት መጣ? የመጨረሻው ክፍያ ላይ ተጣላችሁ? የተዋዋለው እሱ ከሆነ የሠራው ማን ነው?» በዪ። የሚዋዋለው አንድ ሰው፣ ሳይት የሚውለው ሌላ ሰው የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው።

ጥያቄ (ከመንደራ)፦ ቤት ለማሳደስ ስንት ይፈጃል?

መልስ፦ የምን ቤት? ከላይ የጻፍኩትን አንብብና ተመለስ።

ጥያቄ (ከኮቺ)፦ የወላጆቼ የጭቃ ቤት ነው። ከታች በኩል ቀለሙ ይላጣል፣ ልስኑ ይረግፋል። ሦስት ባለሙያ አየው። አንዱ በሲሚንቶ ይለሰን አለኝ፣ አንዱ በሴራሚክ እንሸፍነው አለ፣ ሦስተኛው ገና ዋጋም አልነገረኝም፤ ዙሪያውን ሲዞር ነው የዋለው። ማንን ልመን?

መልስ፦ ሲዞር የዋለውን። ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር፣ ትንሽ ላስረዝመው።

ልስን ከታች የሚረግፈው በልስኑ ጥፋት ብቻ አይደለም፤ ውሃ ነው። አሸንዳ ከሌለ ወይም ከተበሳ የጣራው ውሃ ግድግዳው ሥር ይወርዳል፣ ተፈናጥሮም ይመታዋል። ግቢው ወደ ቤቱ ካዘነበለ ጎርፉ መሠረቱ ላይ ይተኛል። እርጥበቱ ወደ ላይ ይሳባል። በጭቃ ቤት ውስጥ ያለው እንጨት እግሩ ይበሰብሳል፣ ምስጥም እርጥብ እንጨት ይወዳል። አሁን እዚህ ላይ ሲሚንቶ ብትለስንበት እርጥበቱን ውስጥ ትቆልፍበታለህ። ሲሚንቶ ጭቃ ላይ በደንብ አይዝም፤ ሽቦ ተመትቶበት ቢያዝ እንኳ እንጨቱ ከውስጥ መበስበሱን ይቀጥላል። ሴራሚክም ያው ነው፣ በሽታውን ይሸፍነዋል።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። መጀመሪያ ጣራና አሸንዳ። ቀጥሎ በቤቱ ዙሪያ ውሃ ማስወገጃ ቦይ። ከዚያ የበሰበሰው እንጨት ይቀየራል። ግድግዳው እስኪደርቅ ይጠበቃል። ልስንና ቀለም የመጨረሻ ነው። ባለሙያ ስትመርጥ «ይህ ለምን ተላጠ?» በለው። «በአዲስ ቀለም እናስተካክለዋለን» ካለህ አመስግነህ ሸኘው። ሰውየው ወጥቶ ጣራውን፣ አሸንዳውን፣ የግቢውን ዝንባሌ ካየ ሥራ ያውቃል።

ከጅሬን፦ ጭቃ ላይ ብር ከማፍሰስ አፍርሶ በብሎኬት መሥራት አይሻልም?

ከቦሳ አዲስ፦ ማፍረስ ቀላል መሰለህ? እዚያው ሰፈርህ ያለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የቆመው በእንጨት አይደል?

ከጅሬን፦ እሱ የንጉሥ ቤት ነው ወንድሜ። ለእሱም ጥገና ያስፈልገዋል።

ከቦሳ አዲስ፦ ልጁም የጠየቀው ስለ ጥገና ነው እኮ!

መልስ፦ ተረጋጉ። ማፍረስ ሌላ ፈቃድ፣ ሌላ መሠረት፣ ሌላ በጀት ነው። ጥቁር አፈር ላይ ደግሞ መሠረቱ ካልታሰበበት ብሎኬትም ይሰነጠቃል። ወደ ጥያቄያችን እንመለስ።

ጥያቄ (ከአጂፕ)፦ ሰውየው ግማሹን ቀብድ ካልሰጠሽኝ አልጀምርም ይላል። ልስጠው?

መልስ፦ አትስጪው። ደግሞ ቀብድና ቅድሚያ ክፍያን አትደባልቁ። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቀብድ የራሱ ትርጉም አለው። በውሉ ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ ሰጪው ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱ ይቀርበታል፤ ተቀባዩ ቢያፈርስ አጠፌታውን ይመልሳል። ቅድሚያ ክፍያ ግን ከሥራው ሒሳብ ላይ የሚታሰብ ገንዘብ ነው። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ የትኛው እንደሆነ በግልጽ ይጻፍ።

ለመነሻ የሚሆን ትንሽ ብር መስጠት ነውር የለውም። ለቀን ሠራተኛ የሚከፍለው ያስፈልገዋል። ከዚያ በኋላ ግን ደረጃ በደረጃ ነው፦ ጣራው ሲያልቅ ይህን ያህል፣ ልስኑ ሲያልቅ ይህን ያህል። የመጨረሻውን 10 በመቶ ያዢው፣ አንድ ከባድ ዝናብ ይለፍበት። ይህም ከመጀመሪያው ውሉ ላይ ይግባ፤ በኋላ ብታነሺው ጠብ ነው። ውሉ በጽሑፍ፣ በ2 ምስክር ፊት ይፈረም። ዘመድም ቢሆን፣ የእድር ሰውም ቢሆን።

ጥያቄ (ከመንደራ)፦ እሺ፣ ብሎኬት ነው። አሁን ዋጋውን ንገረኝ።

መልስ፦ ስንት ክፍል? ምኑ ነው የሚታደሰው? ሦስት ባለሙያ ወስደህ አሳይ፣ የሥራ ዝርዝሩን በአንድ ወረቀት ጻፍና ለሦስቱም አንድ ዓይነት ስጣቸው። አለዚያ አንዱ የጣራ፣ ሌላው የቀለም ዋጋ ይነግርህና ታወዳድራለህ።

ጥያቄ (ከጊንጆ)፦ በእጅ ዋጋ ብቻ ላሠራ ወይስ ዕቃውንም እሱ ይቻል?

ከሳር ሰፈር፦ በእጅ ዋጋ! ዕቃ እነሱ ከገዙ ቀጭኑን ቆርቆሮ ነው የሚያመጡት።

ከመርካቶ፦ አንተስ ቀጭኑን ከወፍራሙ ትለያለህ? እኔ ዕቃ ስገዛ ከሥራዬ ቀርቼ ነው።

መልስ፦ ቀኑን ሙሉ ሳይት መዋል የምትችል በእጅ ዋጋ አሠራ። የማትችል ከሆነ ዕቃውን እሱ ይግዛ፣ ግን የዕቃው ዓይነት ውሉ ላይ ይጻፍ። ቆርቆሮ «ጥሩ ቆርቆሮ» ተብሎ አይጻፍም፤ ጌጁ፣ ማለትም የውፍረቱ ቁጥር፣ ይጻፋል። ቁጥሩ ሲጨምር ቆርቆሮው ይሳሳል፤ 35 ከ28 የቀጠነ ነው። አሸዋንም ራሳችሁ ፈትሹ። በሚያሳይ የውሃ ጠርሙስ እስከ ግማሽ አሸዋ አድርጉ፣ ውሃ ጨምሩ፣ በደንብ አናውጡና አሳድሩት። ጭቃው ከላይ ይቀመጣል። አሸዋው 10 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ጭቃው ከ6 ሚሊ ሜትር ካለፈ ይታጠብ ወይም ይመለስ። ይህን ስታደርጉ የሚቆጣ ባለሙያ ካለ ለምን እንደተቆጣ አስቡ።

ጥያቄ (ከኪቶ)፦ የኤሌክትሪክ መስመሩስ?

መልስ፦ ኤሌክትሪክ የእኔ ሙያ አይደለም። ፈቃድ ያለው ባለሙያ ይጠራ። ልስን ከመጀመሩ በፊት ይግባ፣ ይህን ብቻ ነው የምለው።

ጥያቄ (ከፈረንጅ አራዳ)፦ ጣራ መቼ ላስቀይር?

መልስ፦ ከኅዳር እስከ ጥር። ግን ያ ጊዜ የቡና ለቀማም ነው፣ የቀን ሠራተኛ ይጠፋል። በጥቅምት ተዋዋል።

ጥያቄ (ከመንደራ)፦ አራት ክፍል ነው። ግምት ብቻ እኮ ነው የምጠይቀው።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሳላየው ቁጥር ብጠራልህ ነገ ያንን ቁጥር ይዘህ ከባለሙያ ጋር ትጣላለህ። አልጠራም።

ጥያቄ (ከቦዬ)፦ ዘግይቻለሁ ጋሼ። አብዛኛውን ብር ከፍያለሁ፣ ሰውየው ጣራውን አንስቶ ጠፋ። ስልክ አያነሳም። እናቴ ከጎረቤት ነው የምታድረው።

መልስ፦ አይዞህ። መጀመሪያ ቤቱን በሸራ አልብሰው፣ ዛሬውኑ። ሌላ ሠራተኛ እጁን ሳያስገባ በፊት አንድ የማያዳላ ባለሙያ ወስደህ የተሠራውንና የቀረውን አስለካ። ፎቶ ይነሳ፣ በ2 ምስክር ይፈረም። ይህ ካልተደረገ በኋላ «ሠርቼ ነበር» ቢልህ መልስ የለህም። ከዚያ ቀን ቆርጠህ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ስጠው፤ ሰውየው ቤቱ ካልተገኘ በቤተሰቡ በኩል ይድረሰው። ሽማግሌም ላክ። ቀኑ ካለፈ ወረቀቶችህን ሁሉ ይዘህ ጠበቃ አማክር። የባንክ ደረሰኝ ካለህ እንዳታጠፋው። ጣራው ስንት ሜትር እንደሆነ በውስጥ ላክልኝ፤ ነገ ጠዋት ቦዬ በኩል ሥራ ስላለኝ መጥቼ አየዋለሁ።