ሶላር ለኮምቦልቻ ቤት ያዋጣል?

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ዳር ቤት ሠራሁ። መብራት ቢገባም ቶሎ ቶሎ ይጠፋል። ሶላር ብሰቅል ወጪውን ይመልሳል? እንጀራስ ይጋግራል?

መልስ፦ አብሽሩ እትዬ፣ ምጣዱን ግን ይተዉት። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይጎትታል። ባለ 100 ዋት ፓኔል በጠራ ቀን የሚሰጥዎት 400 ዋት-ሰዓት ያህል ነው። ለአምፖል፣ ለስልክና ለትንሽ ቴሌቪዥን ይሆናል።

የመብራት ታሪፋችን ርካሽ ስለሆነ ከቢሉ በሚያተርፉት ብቻ ወጪው ቶሎ አይመለስም። ከሻማና ከጄኔሬተር ነዳጅ ጋር ካስተያዩት ግን ሌላ ወሬ ነው። ኪስ የሚያራቁተው ባትሪው ነው፤ ርካሹ የሊድ አሲድ ባትሪ በጥቂት ዓመት ይደክማል። ሊቲየሙ ሲገዙት ያስደነግጣል፣ ግን ይቆያል። እኔ ብሆን ፓኔል ቀንሼ እሱን እገዛለሁ። ፓኔሉን ትንሽ ወደ ደቡብ ያዘንብሉት። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ግን ብዙ አይጠብቁ።