ካርዱን ከመመለስህ በፊት
የአንባቢያን የኮምፒውተር ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ዱባይ የሚሠራው ወንድሜ አዲስ አርኤክስ 6600 ግራፊክስ ካርድ ላከልኝ። ኮምፒውተሬ ራይዘን 5 3600 ፕሮሰሰር፣ ቢ450 ማዘርቦርድ፣ ባለ 16 ጊጋ አንድ ራም እና 550 ዋት ፓወር ሰፕላይ አለው። ዩቲዩብ ላይ ሰዎች በዚሁ ካርድ ዋርዞን የሚባለውን ጌም ከ100 ኤፍፒኤስ (በሰከንድ የሚታዩ ምስሎች ብዛት) በላይ ሲጫወቱ አያለሁ። እኔ ጋ ግን ከ58 እስከ 66 ይዋዥቃል። ተኩሱ ሲበዛ ደግሞ ቀጥ እያለ ይቆራረጣል። ሴቲንጉን ከሃይ ወደ ሎው ባወርደውም ለውጥ የለም። ድራይቨሩን አጥፍቼ እንደገና ጫንኩት፣ ያው ነው። አንድ ባለሙያ «ፓወር ሰፕላይህ አልቻለውም፣ 750 ዋት ግዛ» አለኝ። ሌላው ካርዱ ፎርጅድ ነው ይላል። ምን ይሻለኛል? (ብ.፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ወንድሜ ብ.፣ በመጀመሪያ ገንዘብህን በኪስህ ያዝ። ፓወር ሰፕላይ አትግዛ። ወንድምህንም «የላክኸው ካርድ ፎርጅድ ነው» ብለህ አታስቀይመው። መልሱን እኮ ራስህ ጽፈኸዋል፤ ሴቲንጉን ስታወርደው ኤፍፒኤሱ ፍንክች አላለም።

ሃይ እና ሎው በዋናነት የሚለያዩት ለግራፊክስ ካርዱ በሚያሸክሙት ሥራ ነው። ሸክሙ ቀሎለት ካልፈጠነ፣ መጀመሪያም ሸክሙ አልከበደውም ማለት ነው። ካርድህ ቁጭ ብሎ ፕሮሰሰሩን እየጠበቀ ነው። ምጣዱ ግሏል፣ የዘገየው ሊጡ ነው።

ማረጋገጥ ቀላል ነው። የካርዱ አምራች የኤኤምዲ ሶፍትዌር ካለህ ጌሙ ውስጥ ሆነህ ኮንትሮል፣ ሺፍት እና «O» የሚለውን ፊደል አንድ ላይ ተጫን። ስክሪኑ ጥግ ላይ ቁጥሮች ይመጣሉ። የጂፒዩ (የግራፊክስ ካርዱ) አጠቃቀም የሚለውን እይ። 97 ወይም 99 በመቶ ላይ ከተጣበቀ ካርዱ ያለውን ሁሉ እየሰጠ ነው፣ ያኔ ሴቲንግ መቀነስ ይረዳል። 60 ወይም 70 ላይ ካገኘኸው ግን ካርዱን ተወው፣ ችግሩ ከሱ በፊት ነው። የኤፍፒኤስ ገደብ ቢሆን ኖሮ ቁጥሩ 60 ላይ ተቸክሎ ይቀር ነበር እንጂ እስከ 66 አይወጣም፣ ስለዚህ ቪሲንክንም (ኤፍፒኤሱን በስክሪኑ ፍጥነት ልክ የሚገድበውን ሴቲንግ) ከተጠርጣሪዎች አውጥቼዋለሁ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሸወድበት ነገር አለ። ታስክ ማናጀር ይከፍትና «ፕሮሰሰሬ 45 በመቶ ብቻ ነው የሚሠራው፣ ስለዚህ ችግሩ እሱ አይደለም» ይላል። ያ ቁጥር አማካይ ነው። ያንተ 3600 ባለ 6 ኮር፣ ባለ 12 ትሬድ ነው፤ 12 ሥራ በአንዴ ማስኬድ ይችላል ማለት ነው። የጌሙ ዋና ሥራ አንዱ ትሬድ ላይ ተከምሮ እሱ ሲያለከልክ ሌሎቹ ሥራ ፈት ሊሆኑ ይችላሉ። አማካዩ ዝቅ ብሎ ይታያል፣ ጌሙ ግን ይጎተታል።

አሁን ወደ ጠረጠርኩት ልምጣ። «ባለ 16 ጊጋ አንድ ራም» ብለሃል። አንድ! ፕሮሰሰርህ ከራም ጋር የሚነጋገርበት ሁለት መንገድ አለው፤ አንድ ራም ብቻ ሲሰካ አንደኛው መንገድ ተዘግቶ ይቀራል። ራይዘን ደግሞ የራም ፍጥነት በጣም የሚሰማው ፕሮሰሰር ነው፤ ውስጡ ያሉትን ክፍሎች የሚያገናኘው መስመር በራሙ ፍጥነት ልክ ነው የሚሄደው። እንዲህ ያለ የሚቆራረጥ ጌም ሳይ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ራም ነው።

ታስክ ማናጀር ውስጥ ሜሞሪ የሚለውን ክፈትና ፍጥነቱን አንብብ። ራሙ ላይ 3200 ተጽፎ ማሽኑ 2133 ወይም 2400 ካለህ አትገረም። ሲገዛ የተጻፈበት ፍጥነት በራሱ አይመጣም። ባዮስ (ማሽኑ ሲነሳ የሚከፈተው የማዘርቦርዱ ሴቲንግ) ገብተህ ኤክስኤምፒ የሚለውን ማብራት አለብህ (አንዳንድ ማዘርቦርድ ላይ ዲኦሲፒ ይባላል)። ነፃ ነው፣ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ሲፒዩ-ዚ በሚባለው ፕሮግራም አይተህ 1600 ካለህም አትደንግጥ፤ እሱ ግማሹን ነው የሚጽፈው፣ 3200 ማለት ነው።

ቀጥሎ ሁለተኛ ራም ፈልግ። ከተቻለ አንድ ዓይነት ይሁን፤ የተደባለቀ ብዙ ጊዜ ይሠራል፣ ግን 3200 ላይ አልቆም ሊል ይችላል። ባለ 4 ስሎት ማዘርቦርድ ከሆነ፣ ከፕሮሰሰሩ በኩል ስትቆጥር ሁለተኛውና አራተኛው ላይ ሰካቸው። አንደኛውና ሁለተኛው ላይ ጎን ለጎን ከሰካሃቸው መንገዱ አንድ ሆኖ ይቀራል፣ ገንዘብህም በከንቱ ይወጣል።

ስለ ፓወር ሰፕላዩ፦ አርኤክስ 6600 የሚወስደው 132 ዋት ያህል ነው። ደህና 550 ዋት ይበቃዋል፣ ይተርፈዋልም። ኃይል ሲያንስ ማሽኑ ድንገት ይጠፋል ወይም ሪስታርት ያደርጋል እንጂ እንዲህ ተረጋግቶ 60 ላይ አይቀመጥም። ባለሙያው ያለህ ምክር ሳይሆን ሽያጭ ይመስለኛል።

ፎርጅድ ነው ያለህም ሰው ጂፒዩ-ዚ የሚባለው የካርድ መረጃ የሚያሳይ ፕሮግራም ላይ 16 መስመር (ካርዱ ከማዘርቦርዱ ጋር የሚገናኝበት) ይጠብቅ ይሆናል። ይህ ካርድ ከፋብሪካው የተሠራው ባለ 8 መስመር ሆኖ ነው። ካርዱ ሥራ ሲፈታ ፕሮግራሙ የመስመሩን ትውልድ 1.1 ብሎ ቢያሳይህም ኃይል እየቆጠበ ነው፤ አጠገቡ ያለችውን የጥያቄ ምልክት ተጭነህ ሲሠራ እየው፣ ያንተ ማዘርቦርድ ላይ 3.0 ይሆናል። ብቻ ላይኛው ስሎት ላይ መሰካቱን አረጋግጥ።

በነገራችን ላይ፣ በዚህ ጉዳይ ከሚጽፉልን ብዙዎቹ የሞኒተሩን ገመድ ከካርዱ ሳይሆን ከማዘርቦርዱ ጋር ነው የሚሰኩት። ያንተ አይደለም። 3600 የራሱ ግራፊክስ ስለሌለው ስክሪንህ ጭራሽ አይበራም ነበር። ኢንቴል ያላችሁ ግን እስቲ ከጀርባ ዞር ብላችሁ እዩት።

ይህን ሁሉ አድርገህም የዩቲዩቡን ቁጥር በትክክል አትጠብቅ። ካርድ የሚፈትሹ ሰዎች ሆን ብለው ውድ ፕሮሰሰር ነው የሚጠቀሙት፣ ካርዱን እንዳይዝባቸው። 3600 እ.ኤ.አ. የ2019 ፕሮሰሰር ነው። ወደፊት ገንዘብ ስታገኝ ቢ450 ላይ ራይዘን 5 5600 ይገባል፣ ባዮሱ መጀመሪያ ይዘመን እንጂ። ባዮስ ስታዘምን ዩፒኤስ ላይ ሰክተህ ይሁን። መሀል ላይ መብራት ከሄደ ማዘርቦርድህን ልታጣው ትችላለህ።

ጥያቄ፦ ያገለገለ አርኤክስ 580 ባለ 8 ጊጋ ገዛሁ። ጓደኛዬ ተመሳሳይ ካርድ፣ ተመሳሳይ ኮምፒውተር አለው፣ ግን ሁልጊዜ ይበልጠኛል። ጂፒዩ-ዚ ላይ የኔ ሼደር (የካርዱ ጥቃቅን ማስያዎች ብዛት) 2048፣ የሱ 2304 ይላል። ካርዴ ተበላሽቷል? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ አልተበላሸም፣ ስሙ ነው ያሳሳተህ። ኤኤምዲ እ.ኤ.አ. በ2018 ለቻይና ገበያ ያወጣው 2048 የሚባል 580 አለ። በሥራው አርኤክስ 570 ነው። የጠፋ ነገር ስለሌለ የሚጠገን ነገርም የለም። የጓደኛህን ካርድ ባዮስ (ካርዱ ውስጥ ያለውን ፕሮግራም) ልጫንበት እንዳትል፤ ሼደሩ አይከፈትልህም፣ ካርዱ ግን ሊሞትብህ ይችላል።

አንድ ነገር ግን ፈትሽ። ኢቴሪየም የሚባለው ዲጂታል ገንዘብ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2022 በካርድ መመረቱ ሲቀር የማይኒንግ (እሱን ሲያመርቱ የነበሩ) ካርዶች ገበያውን አጥለቀለቁት፤ አንዳንዶቹ ኃይል እንዲቆጥቡ ባዮሳቸው ተነካክቷል። ጌም እየተጫወትክ፣ ሙቀቱ ደህና ሆኖ፣ የጂፒዩ አጠቃቀሙም ሞልቶ፣ ፍጥነቱ ከ1200 ሜጋኸርዝ በታች ከቀረ ያንን ጠርጥር። አንዳንድ ካርዶች ጠርዛቸው ላይ ሁለተኛ ባዮስ የሚመርጥ ትንሽ ማብሪያ አላቸው፤ ኮምፒውተሩን አጥፍተህ ወደ ሌላኛው ቀይረው። ሻጩ በ580 ዋጋ ሸጦልህ ከሆነ ደግሞ ሂድና ተነጋገረው።

ጥያቄ፦ ላፕቶፔ ላይ ስጫወት መብራት ሲጠፋ ጌሙ ወዲያው ወደ 30 ኤፍፒኤስ ይወርዳል። ካርዱ ነው? (ሰ.፣ ከድሬዳዋ)

መልስ፦ አይደለም እህቴ። የጌም ላፕቶፕ ቻርጀር የሚሰጠውን ያህል ኃይል ባትሪው ብቻውን መስጠት አይችልም፣ ስለዚህ ካርዱ ራሱን ይቀንሳል። 30 ላይ ቀጥ ብሎ ከቆመ ደግሞ ባትሪ ለመቆጠብ ኤፍፒኤሱን የሚገድበው የኤንቪዲያ ባተሪ ቡስት የሚባለው ሊሆን ይችላል። ልታጠፊው ትችያለሽ፤ ትንሽ ይፈጥናል፣ ባትሪውም ቶሎ ያልቃል። እኔ ብሆን እንዳለ ትቼው፣ ጌሙን ሴቭ አድርጌ መብራት እስኪመጣ እጠብቃለሁ።