መልስ፦ ቅዳሜና እሁድ፣ በመኪና፣ ደሴትና የዱር እንስሳት

ከልጆች ጋር ደሴትና የዱር እንስሳት ለማየት የት እንሂድ ላላችሁት፦ ከካዛንቺስ ቅዳሜ ተነስታችሁ እሁድ ማታ ለመመለስ ጣናን ተዉት፤ መንገዱ ብቻ ይጨርሳችኋል። ዝዋይ (ባቱ) ሂዱ። 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በሞጆና በመቂ በኩል።

ቅዳሜ ባቱ ሆቴል ያዙና ወደ ሻሸመኔ በሚወስደው መንገድ አብጃታ ሻላ ፓርክ ግቡ። ልጆቹ ሰጎን ያያሉ።

እሁድ በጠዋት መኪናውን ሆቴሉ ግቢ አቁማችሁ በጀልባ ቱሉ ጉዶ ደሴት ተሻገሩ። ደብረ ጽዮን ማርያም ያለችው እዚያ ነው። በዮዲት ዘመን ታቦተ ጽዮን የተሸሸገችበት እንደሆነ ይነገራል። ኮረብታውን በእግር ውጡት፣ ሐይቁ ከላይ ሲታይ በጣም ያምራል! ጉማሬና አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ ደግሞ ከባቱ ዳርቻም አይጠፉም።

አንድ ነገር አደራ፦ ከሰዓት በኋላ ንፋስ ይነሳል፣ ማዕበሉም ልጆችን ያስፈራል። ከምሳ በፊት ተመለሱ። ለእያንዳንዱ ልጅ የሕይወት አድን ጃኬት ከሌለ ጀልባው ላይ አትውጡ፤ ሌላ ባለጀልባ ፈልጉ።