ማጣሪያው ውኃ የሚያሳልፈው ለምንድን ነው?

ጥያቄ፦ በቤቴ ባለች አነስተኛ ወርክሾፕ የእንጨት ዕቃ እሠራለሁ። በቅርቡ ባለ 100 ሊትር ታንክ ኮምፕሬሰር (አየር የሚያምቅ ማሽን) ገዝቼ ቫርኒሽና ቀለም መርጨት ጀምሬአለሁ። ለመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ርጭቱ ያምራል፤ ሩብ ሰዓት ያህል ስሠራ ግን ከመርጫው አፍ የውኃ ጠብታ እየወጣ ሥራዬን ያበላሽብኛል። ታንኩ መውጫ ላይ የውኃ ማጣሪያ ገጥሜአለሁ፤ ሌላም ጨመርሁበት፤ ለውጥ ግን የለም። የአየር ማድረቂያ ማሽን መግዛት ግድ ይሆንብኛል?

መልስ፦ ማሽን ከመግዛትዎ በፊት የማጣሪያዎን ቦታ ይለውጡ። ሩብ ሰዓት ከሠሩ በኋላ ማጣሪያውን በእጅዎ ቢነኩት ሞቅ ብሎ ያገኙታል፤ የችግርዎም ምንጭ ይኸው ሙቀት ነው። ማጣሪያው መያዝ የሚችለው ጠብታ የሆነውን ውኃ እንጂ እንፋሎቱን አይደለም። ጠዋት ሥራ ሲጀምሩ በታንኩ ያለው አየር ሌሊቱን ሲቀዘቅዝ ስላደረ ውኃው ከታንኩ ሥር ተቀምጧል፤ ሞተሩ ያለ ዕረፍት መሥራት ሲጀምር ግን አዲሱ አየር በታንኩ ውስጥ ለመቀዝቀዝ ጊዜ ሳያገኝ በትኩሱ ያልፋል፣ ማጣሪያውንም በእንፋሎት መልክ ተሻግሮ ወደ መርጫው በሚሄደው ጎማ ውስጥ ሲደርስ ቀዝቅዞ ውኃ ይሆናል። በዚያው ቦታ ሦስተኛ ማጣሪያ ቢጨምሩም ውጤቱ ያው ነው።

የውኃው መጠን ብዙዎችን ያስገርማል። ሙቀቱ 25 ዲግሪ፣ አንጻራዊ እርጥበቱ 60 በመቶ በሆነ ቀን አንድ ሜትር ኩብ አየር 14 ግራም ያህል ውኃ ይይዛል። ኮምፕሬሰሩ 8 ሜትር ኩቡን ወደ አንድ ሲያምቀው 110 ግራም ገደማ በአንድ ቦታ ይከማቻል፤ አየሩ ተመልሶ 25 ዲግሪ ሲደርስ ግን በእንፋሎትነት ሊቆይ የሚችለው 23 ግራም ያህሉ ብቻ ስለሆነ የቀረው ሁሉ ጠብታ ይሆናል። በደቂቃ 200 ሊትር አየር የሚስብ ኮምፕሬሰር በዚህ ስሌት በሰዓት 130 ግራም ያህል ውኃ ያወጣል።

ስለዚህ አየሩ መጀመሪያ ይቀዝቅዝ፣ ቀጥሎ ይጣራ። ከታንኩ መውጫ አጭር ጎማ ያውጡ፤ ይህ ጎማ የሞተሩ ንዝረት ቱቦውን እንዳያላላው ይጠቅማል። ከዚያ 7 ወይም 8 ሜትር የሚሆን የብረት ወይም የመዳብ ቱቦ በግድግዳው ላይ ይዘርጉ፤ ክፍሉ ጠባብ ከሆነ ወደ ላይና ወደ ታች እያመላለሱ መዘርጋት ይቻላል። መዳብ ሙቀትን ቶሎ ስለሚያስወጣ እኔ እርሱን እመርጣለሁ። አግድም የሚሄደው ቱቦ በየሜትሩ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ያዘቅዝቅ፤ በየዝቅተኛው ጫፍም ወደ ታች የወረደ አጭር ቱቦና ማፍሰሻ ቫልቭ ይኑረው። ወደ መሣሪያው የሚሄደውን ቅርንጫፍ ከዋናው ቱቦ ጀርባ፣ ማለትም ከላይ በኩል አውጥተው ወደ ታች ይመልሱት፤ ከሥር ካወጡት በቱቦው ወለል የሚሄደው ውኃ በቀጥታ ወደ መርጫዎ ይወርዳል። ማጣሪያው የሚገጠመው በዚህ ሁሉ መጨረሻ፣ ከግፊት መቀነሻው በፊት ነው። ከዚያ በኋላ ግፊቱ ከ8 ባር ወደ 2 ሲወርድ አየሩ ስለሚሰፋ ይበልጥ ይደርቃል፤ ይህ ያለ ወጪ የሚገኝ ጥቅም ነው።

ለውኃ መስመር የሚሠራውን የፒቪሲ ቱቦ ለዚህ ሥራ ፈጽሞ አይጠቀሙ። ውኃ እምብዛም ስለማይታመቅ ቱቦው ቢሰነጠቅ ይፈስሳል እንጂ አይፈነዳም፤ የታመቀ አየር ግን ቱቦውን ሰባብሮ ስብርባሪውን እንደ ጥይት ይበትነዋል።

ለእንጨት ቀለም ይህ ዝግጅት አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። በቂ ካልሆነ ከማጣሪያው ቀጥሎ ሲሊካ ጄል (እርጥበት የሚመጡ ፍሬዎች) የተሞላ ማድረቂያ ይጨምሩ፤ ብርቱካናማ የነበሩት ፍሬዎች ወደ አረንጓዴ ሲለወጡ እርጥበት ጠግበዋል ማለት ስለሆነ በ120 ዲግሪ ገደማ በምድጃ አድርቀው መልሰው መጠቀም ይችላሉ። ከማጣሪያው በፊት ከተገጠመ ግን ጠብታው በቶሎ ያጠግባቸዋል፤ ዘይት ከነካቸው ደግሞ ማድረቅም አያድናቸውም።

ጥያቄ፦ የእኔ አየር ደረቅ ነው፤ ነገር ግን የቀባሁት ቀለም እዚህም እዚያም እየሸሸ ትናንሽ ክብ ጉድጓዶች ይሠራል። ምክንያቱ ምን ይሆን?

መልስ፦ ዘይት ወይም ሲሊኮን ነው። አየሩን በንጹሕ መስተዋት ላይ ለአንድ ደቂቃ ይንፉበት፤ ቅባት ከታየበት ጥፋቱ ከኮምፕሬሰሩ ወይም ከጎማው ነው፤ መስተዋቱ ንጹሕ ከሆነ ደግሞ ዕቃው ቀደም ሲል የተወለወለበትን ነገር ይጠርጥሩ። ዘይት በሚጠጡ የአየር መሣሪያዎች ላይ ያገለገለ ጎማ ውስጡ ዘይት ስለሚመጥ ታጥቦ አይጠራም፤ ለቀለም የተለየ ጎማ ይኑርዎት። የዘይቱን ጭጋግ 0.01 ማይክሮን የሚያጠራ ማጣሪያ ይይዘዋል፤ ለዘይቱ እንፋሎት ግን የከሰል ማጣሪያ ያስፈልጋል።

ሁለታችሁም የታንኩን ውኃ በሠራችሁበት ቀን ማታ፣ ጥቂት ግፊት እያለው አፍስሱ። የሚወጣው ውኃ ቀይ ከሆነ ታንኩ ከውስጥ እየዛገ ነው፤ በዝገት የተበሳ ታንክ ደግሞ በብየዳ አይጠገንም፣ ይጣላል።