ታይመሩን ከመሙላትህ በፊት ኮንትሮለሩ የሚያየውን ቮልት ለካ

«ፓምፑ ቀን ቀን ብቻ፣ ያውም ባትሪው ሲሞላ ብቻ እንዲሠራ፣ መብራቱ ደግሞ ሲመሽ ለአራት ሰዓት ያህል በርቶ እንዲጠፋ የሶላር ኮንትሮለሬን እንዴት ልሙላው?» ብለህ ለጠየቅከው ወንድሜ፦

ይቺን ጥያቄ አውቃታለሁ። አንድ ሪሌይ (ኮንትሮለሩ ሲያዘው ፓምፑን የሚያበራና የሚያጠፋ የኤሌክትሪክ ማብሪያ) እና አንድ ባለ 100 አምፔር ሰዓት ባትሪ በልታብኛለች፣ ፓምፕም በከንቱ አስገዝታኛለች። ሜኑው ውስጥ የቱን ቁልፍ ተጭነህ እንደምትገባ መመሪያው ላይ ስላለ እሱን ትቼዋለሁ።

1. መብራቱ ቀላሉ ነው። ኮንትሮለሩ መምሸቱን የሚያውቀው በፓኔሉ ቮልት ስለሆነ ሰዓት አያስፈልገውም። ጥቁር ዳመና እንዳያታልለው መዘግየቱን 10 ደቂቃ አድርግለት፣ አለቀ። አምፖሉ ብቻ ፓኔሉ ላይ እንዳያበራ፣ «ነጋ» ብሎ ያጠፋዋል።

2. ጉዱ ያለው ፓምፑ ላይ ነው። የኔ ቅንብር ወረቀት ላይ ያምር ነበር፦ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት (መሣሪያው ላይ 10:00 እስከ 15:00)፣ በዚህ መሃል ቮልቱ 12.6 ሲደርስ ይነሳ፣ ከ12.2 ሲወርድ ይቁም። የ0.4 ቮልት ልዩነት መቼም ይበቃል አልኩ። በመጀመሪያው ቀን ፓምፑ ተነሳ፣ ቆመ፣ ተነሳ፣ ቆመ። በደቂቃ ሦስት አራቴ! የሪሌዩ ቀጭ ቀጭታ መኝታ ቤት ድረስ ይሰማል።

ወደ ሸጠልኝ ሰው ሄድኩ። ዕቃውን ቀና ብሎ እንኳ ሳያይ «ፓምፕህ ነው፣ ቀይረው» አለኝ። «ቮልቱ እኮ እየዋዠቀ ነው» ስለው፣ «ባለሙያው አንተ ነህ ወይስ እኔ?» ብሎ ሰው ፊት አሳቀብኝ። አፍሬ ፓምፕ ገዝቼ ወጣሁ። አዲሱም ቤት ሲደርስ ቀጭ ቀጭ። አሮጌው ዛሬም ያለ አንዳች ችግር ይሠራል፤ ባየሁት ቁጥር ያ ሳቅ ትዝ ይለኛል።

ታዲያ በሦስተኛው ሳምንት የሪሌዩ ምላስ ከመነሳትና ከመቆም ብዛት የተነሳ ተጣበቀ። 15:00 ላይ ኮንትሮለሩ «ቁም» ብሏል፣ የሪሌዩን ምላስ የሚስበው መጠምጠሚያም ኃይል ተቋርጦበታል፤ ግንኙነቱ ግን በብልጭታው ተበይዶ ቀርቷል። ፓምፑ ሌሊቱን ሙሉ ሠራ። «ባትሪው 11.1 ቮልት ሲወርድ የሚቆርጠው የኮንትሮለሩ ጥበቃስ?» ትለኛለህ። እሱማ ቆርጧል! የቆረጠው ግን የራሱን የሎድ መውጫ (እንደ መብራቱ ያሉ ዕቃዎች የሚታሰሩበትን) ነው። እኔ ደግሞ የፓምፑ መነሻ አምፔር መውጫውን እንዳያቃጥል ብዬ ሪሌዩን የመገብኩት ከኮንትሮለሩ የባትሪ ማሰሪያ ላይ ነበር። መብራቱ ጠፍቶ ፓምፑ ይጠጣል። እኔ ቤት አልነበርኩም፤ በሁለተኛው ቀን ስመለስ ባትሪው 12 ቮልት መሆኑን የሚያስታውሰው ላዩ ላይ ያለው ጽሑፍ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ ቻርጅ መያዝ አልቻለም።

መልቲሜትር ያነሳሁት ያኔ ነው፣ ቀድሜ ማንሳት ሲገባኝ። አንዱን ልኬት ባትሪው ራስ ላይ፣ ሌላውን ኮንትሮለሩ ማሰሪያ ላይ ወሰድኩ። ፓምፑ ሲነሳ በሁለቱ መካከል ከግማሽ ቮልት በላይ ይጠፋል! ኮንትሮለሩን ለማየት እንዲመቸኝ ከባትሪው 6 ሜትር ርቄ ሰቅዬዋለሁ፣ ሽቦው ደግሞ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ነው። ደርሶ መልስ 12 ሜትር መዳብ 0.08 ኦም ገደማ ነው፤ በፓምፑ 8 አምፔር ስታበዛው 0.66 ቮልት። ስለዚህ 12.6 ላይ ሲነሳ ኮንትሮለሩ ወዲያው 11.9 ያያል፣ ያጠፋዋል፤ ሲጠፋ ቮልቱ ይመለሳል፣ ያበራዋል። የባትሪው የራሱ መውረድ ገና ሳይቆጠር። እኔ ሁኔታ የሞላሁት ለባትሪው መስሎኝ ነበር፣ ለሽቦው ነው። ቻርጅ ሲያደርግ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ኮንትሮለሩ ከእውነተኛው በላይ ስለሚያይ ባትሪው ሳይጠግብ «ሞልቷል» ይባላል።

3. ያስተካከልኩት እንዲህ ነው። ኮንትሮለሩን ከባትሪው 1 ሜትር ላይ አምጥቼ በ16 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ አሰርኩት፤ ልዩነቱ ወደ 0.02 ቮልት ወረደ። ለሪሌዩ መጠምጠሚያ ሲጠፋ የሚፈጥረውን የቮልት ዝላይ የሚውጥ ዳዮድ፣ ለፓምፑ ለብቻው ፊውዝ። መነሻውን ከቮልት አውጥቼ «ፍሎት ሲደርስ» (ባትሪው ሞልቶ ኮንትሮለሩ ሙላቱን ብቻ የሚጠብቅበት ደረጃ) አደረግኩት፣ ምክንያቱም ከፀሐይ ቻርጅ እየተደረገ ያለ ባትሪ ግማሹ ባዶ ሆኖም 13 ቮልት ያሳያል። ማቆሚያውን ግን «ከፍሎት ሲወጣ» እንዳትለው! ፓምፑ ሲነሳ ራሱ ከፍሎት ያስወጣዋል፣ ያው ቀጭ ቀጭ ነው። የኔ ማቆሚያ 12.3 ነው፣ ያውም ለ2 ደቂቃ ሳይቋረጥ ሲቆይ። ያንተ ኮንትሮለር ፍሎትን እንደ ሁኔታ የማይቀበል ከሆነ መነሻውን 13.5 አድርገህ 15 ደቂቃ መዘግየት ስጠው። ይህ ሁሉ ለሊድ አሲድ ነው፤ ሊቲየም ከሆነ ቮልቱ ከሞላ ጎደል ስለማይነቃነቅ የባትሪውን ሙላት በመቶኛ የሚቆጥር ሻንት (የሚገባውንና የሚወጣውን አምፔር የሚለካ መሣሪያ) ያስፈልግሃል።

4. አንዳንዱ ኮንትሮለር ሰዓቱንና ቮልቱን «ሁለቱም ሲሟሉ» ሳይሆን «አንዱ ሲሟላ» ብሎ ነው የሚያነበው። ጠዋትን አትጠብቅ፤ የመሣሪያውን ሰዓት ወደፊት ገፍተህ አሁኑኑ ሞክረው። ባትሪ ፈትተህ ባሰርክ ቁጥርም ሰዓቱን እይ፣ የኔው ወደ 00:00 ተመልሶ እኩለ ሌሊት ላይ ውሃ ሲቀዳ አግኝቼዋለሁ።

አሁን የኔ ሪሌይ በቀን አንዴ ተነስቶ አንዴ ይቆማል፣ ማንም ባለሙያ ሳይነካው። አንተም ዛሬ ፓምፑን በእጅህ አስነሳና ባትሪው ራስ ላይም ኮንትሮለሩ ማሰሪያ ላይም ለክተህ ሁለቱን ቁጥር እዚሁ ጻፍልኝ። የሽቦውን ርዝመትና ውፍረትም ጨምር። 12.3 ይሁን 12.0 የምንለው ያንን ካየን በኋላ ነው።