ይጠይቁ፦ «ምን አለንና ነው እንግዳ የምንጠራው?»

ጥያቄ፦ እንደምን ሰነበቱ ጋሼ። ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ባለች መንደር የማስተምር መምህርት ነኝ። እንግዶች አንኮበር ድረስ ይመጣሉ። የምኒልክን ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ አይተው፣ ፎቶ ተነስተው ይመለሳሉ። ወደ እኛ ብቅ የሚል የለም። ከመንደሩ ወጣቶች ጋር ሆነን በእግር የሚኬድ የቅርስ ጉዞ ልናዘጋጅ አስበናል። ሽማግሌዎቹ ግን «ምን አለንና ነው ሰው የምንጠራው?» ይሉናል። ከየት እንጀምር? ገንዘቡንስ እንዴት እንያዘው?

መልስ፦ መምህርት፣ ደብዳቤሽን ሳነብ ልቤ ሞቀ። እኔም የዚያ አገር ልጅ ነኝ። ያንን ቁልቁለት በልጅነቴ ከአህያ ኋላ እየተከተልኩ ወርጄዋለሁ።

ለሽማግሌዎቹ እንዲህ በሏቸው፤ ቅርሳችሁ መንገዱ ራሱ ነው። ከታጁራ ወደብ የተነሳ ሲራራ ነጋዴ የአፋርን በረሃ አቋርጦ አልዩ አምባ ሲደርስ ነበር ጭነቱን የሚያራግፈው። አሞሌ ጨው በዚያ ይገባ ነበር። ቡናው በዚያ ይወጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1841 ከሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ጋር ውል ሊፈራረሙ የመጡት የእንግሊዝ መልእክተኞችም ከአልዩ አምባ ተነስተው ነው ወደ አንኮበር የወጡት። ቤተ መንግሥቱን ለማየት አንኮበር ላይ መቆም ይበቃል። ቤተ መንግሥቱ በምን ይኖር እንደነበር የሚያየው ግን እናንተ ጋ የወረደ ሰው ነው።

አንድ ነገር አደራ። በዚያ መንገድ ሰውም ተሸጦ አልፏል። የባሪያ ገበያው ከአልዩ አምባ ሩቅ አልነበረም። «እንግዳ ፊት ያሳፍራል» ብላችሁ እንዳትዘሉት። ስለ ጨውና ስለ ቡና እያወራን ስለ እነዚያ ሰዎች ዝም ካልን ታሪኩ ጎደሎ ነው።

አጀማመሩን በተመለከተ፣ የከተማ ሰው ከመጥራታችሁ በፊት የመንደራችሁን ሰው ጥሩ። እርሻ በማይታረስበት የበዓል ቀን፣ ቅዳሴ ሲወጣ፣ አዛውንቶቹን ይዛችሁ መንገዱን ሂዱት። ከታች ያሉት ሙስሊሞቹ የአርጎባ ጎረቤቶቻችሁ እንዳይቀሩ ቀኑ ዓርብ አይሁን። ያ ንግድ ያለ አርጎባ ነጋዴ አይታሰብም፤ ያለ እነሱ የሚነገር ታሪክ ግማሽ ነው። ሽማግሌን ቤት አስቀምጠሽ ብትጠይቂው «ረስቼዋለሁ» ይልሻል። ቦታው ላይ ስታቆሚው ግን ያስታውሳል። «እዚህች ጋ ነው በቅሎዎች የሚያርፉት፤ ይቺን ድንጋይ ኮቴ ነው እንዲህ ያለሰለሳት» እያለ በእጁ ይዳስሳታል። ያኔ ከልጆቹ አንዱ በስልኩ ይቅዳ። ሁለት ሽማግሌዎች ካልተስማሙ የሁለቱንም ያዙ፤ ለእንግዳውም ሁለቱንም ንገሩት። ማንም ያላወራውን «ምኒልክ እዚች ዋርካ ሥር አረፉ» የሚል ተረት ግን አትጨምሩ። እንግዳ ያጣራል። አንድ ጊዜ ውሸት ካገኘ እውነቱንም አያምናችሁም።

ማሳያ አታብዙ። አራት አምስት መቆሚያ ይበቃል። እኔ ብሆን ረጅሙን ሰዓት ሸማኔው ጋ እሰጠው ነበር። እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ አስገብቶ፣ መወርወሪያውን ከግራ ቀኝ ሲወረውር ማየት ብቻውን ደስ ይላል። እንግዳው ቁጭ ብሎ ራሱ ይሞክር። ክሩ ይበጠስበታል፤ ሸማኔው ይቀጥልለታል፤ እዚያው ወሬ ይጀመራል። ከዚያ አንድ ቤት ገብቶ የገብስ ቆሎ በትኩሱ መብላት፣ ቡና መጠጣት ነው። ረቡዕና ዓርብ ከሆነ ሽሮና ምስር ይቅረብ። ለእንግዳ ተብሎ የቤቱ ጾም አይፈርስም፤ ይህንንም አስቀድማችሁ ንገሩት።

ማልዳችሁ ጀምሩ። ጭላዳዎቹ ፀሐይ ሊሞቁ ገደሉ አፋፍ ላይ የሚቀመጡት ጠዋት ነው። ደግሞ ልጆቹ ወፍ በድንጋይ እንዳይመቱ ምከሪያቸው። አንኮበር በስሙ የሚጠራ ወፍ አለው። ለዓይን ከድንቢጥ እምብዛም አይለይም፤ ሳይንስ ያወቀውም እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ነው። እሱን ፈልገው ባሕር ተሻግረው የሚመጡ ሰዎች አሉ። ቁልቁለቱ ለጉልበት ክፉ ስለሆነ መኪና ከታች ይጠብቃቸው፤ ያንን ዳገት ተመልሰው እንዲወጡ አትፍረዱባቸው።

ቤተ ክርስቲያንን በተመለከተ አስተዳዳሪውንና ቄሰ ገበዙን ሳታስፈቅዱ በዕቅዳችሁ ውስጥ አታስገቡት። ምን እንደሚታይ፣ ፎቶ የት እንደሚከለከል እነሱ ይወስኑ። የብራና መጽሐፍ ለማንም መጣ ሄደ አይገለጥም። የድሮ ግንብ ካለም «እናሳምረው» ብላችሁ በሲሚንቶ እንዳትነኩት። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ መጠገንን ይከለክላል። በወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት በኩል ጠይቁ። የመንገዱንም ሰላም በየጊዜው ከእነሱ አጣሩ። ሁኔታው አስተማማኝ ካልሆነ፣ እንግዳው ቢከፋውም ቀጠሮውን ሰርዙ።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ብዙ ጥሩ ሐሳብ ገደል የሚገባው እዚህ ላይ ስለሆነ ረዘም ላድርገው። ሕጉ ከመጀመሪያው ብር በፊት ይጻፍ። ሩቅ አትሂዱ፤ የመንዝን ጓሳ ተመልከቱ። ያ ሜዳ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባል የአገሬው የጋራ መሬት አጠባበቅ ሥርዓት ተጠብቆ የቆየ ነው። የቀደምት አባቶቹ የአስቦና የጌራ ዘሮች አባ ቄራ የሚባል የሥርዓቱ አለቃ መርጠው፣ ሳሩን ለዓመታት ይዘጉት ነበር። የሚከፈትበትን ቀን ሁሉም ያውቀዋል፤ የጣሰ ይቀጣል። በ1967 የመሬት አዋጅ ሥርዓቱ ቢፈርስም ሕዝቡ ቦታውን አልተወም፤ ዛሬም የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ነው፤ እንግዳም ይቀበላል። ጓሳ እዚህ የደረሰው ሕጉ በሰው ፊት የወጣ ስለነበረ ነው ብዬ አምናለሁ።

እናንተም እድራችሁ በሚሰበሰብበት ቀን ተነጋገሩ። የእኔ ምክር ይህ ነው። ቡና ያፈላችው እናት፣ ሸማኔውና መንገድ መሪው የድርሻቸውን እንግዳው በሄደበት ዕለት በእጃቸው ያግኙ። «በወሩ መጨረሻ ይሰላል» ከተባለ ሐሜት ይገባል። የቀረው ለጋራ ይቀመጥ፤ ክረምት የሸረሸረው መንገድ ይጠገንበት። ሒሳቡ በየወሩ በሁሉም ፊት ይነበብ። የሚጎበኙት ቤቶችም በተራ ይሁኑ፤ ሁልጊዜ የሊቀ መንበሩ ቤት ብቻ ቡና ከተፈላ ጎረቤቱ ያኮርፋል፤ እውነት አለው። ለልጆች ብርና ከረሜላ መስጠት ግን ከመጀመሪያው ቀን ይከልከል። መስጠት የፈለገ ለትምህርት ቤትሽ ደብተር ይግዛ።

መሪዎቹን ከተማ ሄዳችሁ አትፈልጉ። እንግሊዝኛው ቢሰባበር ግድ የለም። መንገዱን የሚያውቅ፣ ሽማግሌ ሲናገር የሚያዳምጥ ልጅ ምረጡ። ሴቶች ልጆችም ይኑሩበት፤ የቤቷ እመቤት ከእነሱ ጋር ነው በነፃነት የምትጫወተው።

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ የሚመጡ ጓደኞቼን ወደ አንኮበር በየትኛው ወር ልውሰዳቸው? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ከመስቀል እስከ ኅዳር ድረስ። ክረምቱ ወጥቶ አገሩ ጥርት ይላል፤ በመስከረም መጨረሻም አደይ አበባው ገና አለ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጉሙ ገደሉን ስለሚሸፍነው ምንም አታዩም፤ መንገዱም ያዳልጣል። ከኅዳር ጀምሮ ሌሊቱ ይቆረጥማል፤ ጋቢ ሳይዙ እንዳይመጡ ንገራቸው።