ሞተር ተሠርቶ ሲወጣ ተርቦው ለምን ይሰንፋል? ጥያቄና መልስ

ሞተር አሠርታችሁ መኪናችሁ ነዳጅ ስትሰጡት የሚያንቀው ከሆነ ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ተርቦ ማለት አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚገፋው ዕቃ ነው። ብዙ ጥያቄ ደረሰኝ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ቶዮታ ሃይሉክስ ነው፣ 1ኬዲ የሚባለው የናፍጣ ሞተር። ፋሻና ብሮንዚን (የፒስተን ቀለበቶችና የክራንክ መቀመጫዎች) ተቀይሮለት ወጣ። አሁን ከ2,000 ዙር በታች ስሰጠው ያንቀዋል፣ ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ከዚያ ድንገት ይስባል። መካኒኩ ተርቦ ቀይር አለኝ። ልቀይር?

አትቀይር። ቢያንስ ዛሬ አትቀይር። ሞተሩ ከመውረዱ በፊት ተርቦው በደንብ ይሠራ ነበር? ይሠራ ከነበረ መጀመሪያ የሚጠረጠረው እጅ የነካው ቦታ ነው። ጥቁር ጭስ ማለት ናፍጣው ደርሷል፣ አየሩ ግን አልበቃም ማለት ነው። ስለዚህ አየሩ የት እንደሚጠፋ ፈልግ።

አንድ ሰው ተመሳሳይ ችግር ይዞ መጥቶ ነበር። ከሶማሌ ተራ ያገለገለ ተርቦ ገዝቶ አስገጥሟል፣ ለውጥ የለም። ከኤር ፊልትሮው በኋላ ያለውን ቱቦ ዘጋን፣ ከኮምፕረሰር አየር ሰጠን፣ ግፊቱን ከ1 ባር በታች ያዝነው፣ ማኒኮቶዎቹን (የአየር ጎማ ቱቦዎቹን) ሁሉ በሳሙና ውሃ ረጨናቸው። ላዩ ደረቅ ነው። በትንሽ መስታወት ከስር ሳየው ከኢንተርኩለሩ (የተጨመቀውን አየር ከሚያቀዘቅዘው) የሚወጣው ማኒኮቶ አረፋ ይደፍቃል። ማኒኮቶውን የሚያስረው ፋሼታ የተጠበቀው ጠርዙ ላይ ነው፣ ግማሹ ነክሷል፣ ግማሹ አልነከሰም። ቆሞ ሲያዩት ምንም የለውም፣ ግፊት ሲመጣ ይከፈታል። ፈትተን ወደ ውስጥ ገፍተን አጠበቅነው፣ አለቀ። ሰውየው ለተርቦው ያወጣው ገንዘብ እስካሁን ያናድደኛል።

አየር የሚያፈስበት ቦታ ካጣህ ከተርቦው ውጭ ያለችውን፣ የውስጡን ክንፎች የምታንቀሳቅሰውን ዘንግ ተመልከት። ሞተሩ ሲነሳና ሲጠፋ ሳትደናቀፍ መንቀሳቀስ አለባት። ክንፎቹን ጥቀርሻ ይዟቸው ከሆነ ማጽዳት ሊበቃ ይችላል። የተርቦው ሶኬት ተሰክቶ እንደሆነም እይ፤ ሳይሰካ የቀረ ብዙ አጋጥሞኛል።

ጥያቄ፦ ኢኒየቶሪዎቹ (ናፍጣ ወደ ሲሊንደር የሚረጩት) ወጥተው ታጥበው ተመለሱ። አሁን ስታርት ላይ ያንኳኳል፣ ስነዳውም ይቆራረጣል።

እያንዳንዱ ኢኒየቶሪ የራሱ ኮድ አለው፣ አናቱ ላይ ተጽፏል። ኮምፒውተሩ ለየትኛው ሲሊንደር ምን ያህል ናፍጣ እንደሚሰጥ የሚያስተካክለው በዚያ ኮድ ነው። ቦታ ተለዋውጠው ከገቡ፣ ወይም አዲስ ገብቶ ኮዱ በስካነር ካልተጻፈ፣ አንዱ በዝቶ ሌላው አንሶ ይደርሰዋል። ስለዚህ አንተ ራስህ ኮዶቹን ፎቶ አንስተህ በስካነሩ ከሚታዩት ጋር አስተያያቸው።

ሌላው ከኢኒየቶሪው ስር ያለችው የመዳብ ሮንዴላ (ቀለበት) ናት። አሮጌዋን መልሰው አድርገውብህ ከሆነ ዛሬውኑ አስቀይር። «ጭፍ ጭፍ» የሚል ድምፅ ካለ ከሲሊንደሩ የተቃጠለ ጋዝ እያመለጠ ነው። ጋዙ ዘይቱን ያጠቁረዋል፣ ካርቦኑ ከታች ያለውን የዘይት መምጠጫ ወንፊት ይደፍነዋል። ወንፊቱ ሲደፈን ዘይት ይቋረጣል፣ ያሠራኸው ሞተር በሙሉ ይሄዳል። ጥቂት ብር ለመቆጠብ ብለው የሚዘሏት ዕቃ ይቺ ናት፤ እባካችሁ አትዝለሏት።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ የኔ መኪና አዳማ ላይ ጎበዝ ነው፣ እንጦጦ ላይ ግን እግሬን ስጭን ቆሞ ያስባል። ሞተሩ አልተሠራም ማለት ነው?

አይደለም ጋሼ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ እንጦጦ ደግሞ 3,000 ሜትር ያልፋል። አየሩ ስስ ነው። ተርቦው ዙር እስኪይዝ ድረስ ሞተሩ በራሱ ሳንባ ነው የሚተነፍሰው፣ ስለዚህ ከታች መዘግየቱ ያለ ነው። ዳገቱ ላይ ማርሽ ቀንሰው ዙሩን ከፍ አድርገው ይያዙት። ያኔ ከሳበልዎ ደህና ነው። ዙር ይዞም እምቢ ካለ ግን ያሳዩት።

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ ነኝ። ሱባሩ ደብሊውአርኤክስ፣ ቤንዚን፣ ሞተሩ አዲስ ተሠርቷል። ማርሽ ስቀይር ይደናቀፋል፣ ሙሉ ስሰጠው ደግሞ ይተኩሳል።

ከሞተሩ ሥራ ጋር አየሩን «ፕሽሽ» ብሎ ውጭ የሚለቅ ቫልቭ ገጥመህበታል? መኪናህ የሚገባውን አየር በሴንሰር ቆጥሮ ነው ቤንዚን የሚሰጠው። የተቆጠረው አየር ውጭ ሲለቀቅ ቤንዚኑ ብቻውን ይቀራል፣ ማርሽ ስትቀይር የሚደናቀፈው ለዚህ ነው። የፋብሪካውን መልስበት። ሙሉ ስትሰጠው ለሚተኩሰው ካንዴላዎቹን አውጣና ክፍተታቸውን ለካ፤ 0.7 ሚሊሜትር አካባቢ አድርገህ ሞክር። ክፍተቱ ሲሰፋ በግፊት ጊዜ ብልጭታው ይጠፋል። ሁለቱም ካልሆነ የታይሚንግ ቺንጋው ወይም ሰንሰለቱ አንድ ጥርስ ስቶ እንደሆነ ይታይልህ።

ጥያቄ፦ የሚታጠብ፣ ዘይት የሚቀባ ኤር ፊልትሮ አስገብቻለሁ። ችግር አለው?

ዘይቱ ከበዛ የአየር ሴንሰሩ ላይ ይለጠፋል፣ ቆጠራው ይሳሳታል። ለሴንሰሩ በተሠራ ስፕሬይ አጥበው፣ በእጅህ አትንካው።

ጥያቄ፦ ሞተሩ ከተሠራ ገና 200 ኪሎ ሜትር ነው የሄደው። ቀስ ብዬ ብቻ ልንዳው?

ቀስ ብሎ ብቻ መንዳትም ጥሩ አይደለም። ፋሻው ሲሊንደሩን እንዲይዝ መጠነኛ ጭነት ያስፈልገዋል። ዙሩን ከፍ ዝቅ እያደረግክ ንዳ፣ ስታርት ላይ ለረጅም ጊዜ አታቁመው፣ እስከ ዳርም አትርገጠው። ዘይትና የዘይት ፊልትሮ በ1,000 ኪሎ ሜትር ውስጥ ቀይር። አሮጌውን ዘይት ንጹሕ ዕቃ ላይ ገልብጠህ ፀሐይ ላይ እየው። ቀጭን ብናኝ ቢኖር አትደንግጥ፣ አዲስ ሞተር ነው። ጥፍር የሚይዘው ቅርፊት ካየህ ግን መኪናውን እዚያው አቁመህ ለሠራልህ ሰው ደውል።